በኮንሶል ገመድ ወደ ስዊችና ራውተር መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኔትወርክ ሥራ የጀመሩ ልጆች ከሁሉ በላይ የሚጠይቁኝ ስለ ራውቲንግ አይደለም። ስለዚያች ሰማያዊ የኮንሶል ገመድ ነው። «ሰካሁት፣ ግን ምንም አይመጣም» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ የሚደውሉትም ሰርቨር ሩም ውስጥ ቆመው፣ ውጭ ያለው ሠራተኛ ሁሉ «ኢንተርኔቱ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ሲጠብቃቸው ነው። ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ሰብስቤያቸዋለሁ።

ምሳሌዎቼ በብዛት ሲስኮ የሚባለው ኩባንያ መሳሪያዎች ናቸው፤ አብዛኛው ሰው የሚማረው በሱ ስለሆነ። ሁዋዌና ሚክሮቲክ የሚለዩበት ቦታ ላይ እናገራለሁ። ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው፤ መሳሪያው ላይ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

በኤስኤስኤች መግባት እየቻልኩ ኮንሶል ለምን ያስፈልገኛል?

ኤስኤስኤች የሚገባው በኔትወርኩ በኩል ነው። መሳሪያው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሊኖረው፣ ፖርቱ ሊነሳ፣ መንገዱም ክፍት ሊሆን ይገባል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ኮንሶል ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ከላፕቶፓችሁ ወደ መሳሪያው የሚሄድ አንድ ገመድ ብቻ ነው። አይፒ ባይኖር፣ ፖርቶቹ ሁሉ ቢዘጉ፣ ዋናው ሶፍትዌር ተበላሽቶ መነሳት ቢያቅተው እንኳ መሳሪያው በዚያ ገመድ ያናግራችኋል።

አዲስ ከካርቶን የወጣ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ አይፒ የለውም። መጀመሪያ የምትገቡት በኮንሶል ነው። መሳሪያው ሲነሳ የሚያወጣውን መልእክት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማየት የሚቻለውም በዚሁ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ስዊቹ ሞቷል» የተባለ መሳሪያ ኮንሶል ሲሰካበት «የምነሳበትን ፋይል አጣሁ» ብሎ ራሱ ሲናገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አልሞተም ነበር። የሚሰማው ሰው ነው ያጣው።

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፉ የሆነውን አስታውሱ። ጥገና ላይ እያሉ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን ዋና ኔትወርክ አወረደው። ከሩቅ መግቢያው ሁሉ ተዘጋ፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የተዘጋጀው ሁለተኛው መንገድም አብሮ። በመጨረሻ ባለሙያዎች ወደ ዳታ ሴንተሮቹ በአካል ሄደው ነው ሥራውን የጀመሩት። የዓለምን ትልቅ ኔትወርክ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች እንኳ አንድ ቀን መሳሪያው አጠገብ መቆም ግድ ይሆንባቸዋል።

የትኛውን ገመድ ልግዛ?

መጀመሪያ መሳሪያውን ዞር አድርጋችሁ እዩ። «ኮንሶል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቀዳዳ ፈልጉ። ቅርጹ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ የኔትወርክ ቀዳዳ፣ ማለትም አርጄ45 ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። የሚያልፈው አርኤስ-232 የሚባለው የሲሪያል ምልክት ነው፤ በፈረንጆቹ 1960 የወጣ መስፈርት። ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ከመሳሪያው ጋር ይመጣ የነበረው ሰማያዊ ጠፍጣፋ ገመድ በአንድ ጫፉ አርጄ45፣ በሌላው ደግሞ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ዲቢ9 አለው። የዛሬ ላፕቶፖች ዲቢ9 የላቸውም። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ ሰማያዊውን ገመድ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል በሚቀይር አዳፕተር ማገናኘት ነው። ሌላው በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው አርጄ45 ያለው፣ ቺፑ ውስጡ የተሠራ አንድ ወጥ ገመድ መግዛት ነው። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር የሚላላ ነገር ይበዛል።

ገመዱን ስትገዙ ከመልኩ ይልቅ ስለ ቺፑ ጠይቁ። ኤፍቲዲአይ የሚባለው ቺፕ ያለበት ብዙም አያስቸግርም። ሲኤች340 እና ሲፒ2102 ያሉባቸውም ይሠራሉ። ፕሮሊፊክ የሚባለው ላይ ግን የተመሳሰለ ብዙ ስላለ ተጠንቀቁ፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

አንዳንድ መሳሪያዎች፣ ለምሳሌ የሲስኮ 1900 እና 2900 ራውተሮች፣ ከአርጄ45ቱ ጎን ሚኒ ዩኤስቢ ኮንሶልም አላቸው። በሱ ስትገቡ ዊንዶውስ ላይ የሲስኮን የራሱን ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተሰኩ የሚሰማው ዩኤስቢው ነው። በአርጄ45 የገባው ሰው ጽሑፉ ይታየዋል፣ ቢተይብ ግን አይሰማም። ይህን ያላወቀ ሰው ገመዴ ተበላሸ ብሎ ይደክማል።

ገመዱን ራሴ መሥራት እችላለሁ?

ከአርጄ45 ወደ አርጄ45 የሚሄደውን ክፍል፣ አዎ። ሮልኦቨር የሚባለው ይህ ነው። ቁርጥራጭ የኔትወርክ ገመድና ክሪምፐር ይበቃል። አንዱን ጫፍ እንደ ልማዳችሁ ግጠሙ፤ ሌላውን ጫፍ የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ ገልብጣችሁ ግጠሙ። 1 ወደ 8፣ 2 ወደ 7፣ 3 ወደ 6፣ 4 ወደ 5 ይሄዳል ማለት ነው። ያ ከመሳሪያው በ3 የሚወጣውን ወደ 6 ስለሚወስድ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ከአርጄ45 ወደ ዲቢ9 የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋችኋል።

ርዝመቱን ከ15 ሜትር አታሳልፉ።

ተራ የኔትወርክ ገመድ ከላፕቶፔ ወደ ኮንሶሉ ብሰካስ?

አይሠራም። ሁለቱ ቋንቋቸውም ቮልቴጃቸውም የተለያየ ነው።

ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ስህተት ነው፤ የኮንሶል ገመድን በስህተት ኔትወርክ ፖርት ላይ መሰካት። ደረጃውን የጠበቀ ፒኦኢ ስዊች፣ ማለትም በኔትወርክ ገመዱ ኤሌክትሪክም የሚልክ፣ ኃይል ከመልቀቁ በፊት ጫፍ ላይ ያለውን መሳሪያ ይፈትሻል። አንዳንድ ሚክሮቲክና ዩቢኪቲ መሳሪያዎች ላይ ያለው ፓሲቭ የሚባለው ዓይነት ግን ሳይጠይቅ 24 ቮልት ይልካል። አዳፕተራችሁን ሊያቃጥል ይችላል። ጨለማ ራክ (መሳሪያዎቹ የሚደረደሩበት ቁም ሣጥን) ውስጥ በእጅ ዳሰሳ አትሰኩ፤ የስልካችሁን መብራት አብሩ።

ሌላም አለ። ሕንፃው ኤርዝ በደንብ ያልተሠራለት ከሆነ ላፕቶፑ በአንድ መስመር፣ ራኩ በሌላ መስመር ሲሆን በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ያ ልዩነት በኮንሶሉ ገመድ በኩል ያልፋል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ሥሩ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሰክቼዋለሁ፤ ዊንዶውስ ግን አያውቀውም። ምን ላድርግ?

ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ፤ «ፖርትስ» የሚለውን ተመልከቱ። ገመዱ ከታወቀ «ኮም 3» ወይም «ኮም 7» የሚል ስም ይዞ ይቀመጣል። ያንን ቁጥር ያዙ። በኋላ የምትጽፉት እሱን ነው። ገመዱን በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብትሰኩት ቁጥሩ ሊቀየር ስለሚችል ሁልጊዜ አንዱን ቀዳዳ ተጠቀሙ።

ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለበት የድራይቨር ጉዳይ ነው። ፕሮሊፊክ ላይ «ከ2012 ጀምሮ ከምርት የወጣ ነው፤ ሻጭህን አነጋግር» የሚል መልእክት ካያችሁ፣ ቺፑ ወይ ያረጀ ነው ወይ የተመሳሰለ ነው። አዲሱ ድራይቨር ሆን ብሎ አልሠራም ይላል። በዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ድራይቨሩን ወደ ቆየው ስሪት ብትመልሱት ብዙ ጊዜ ይነሳል። ኤፍቲዲአይም በፈረንጆቹ 2014 እንዲህ አድርጎ ነበር። በዊንዶውስ አፕዴት የመጣ ድራይቨር የተመሳሰሉትን ቺፖች መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀየረው። ገመዶቹም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ መታወቅ አቆሙ።

ይህን በዝርዝር የምነግራችሁ ስለተቃጠልኩበት ነው። ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት መንገድ ርቆ ወደሚገኝ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ራውተሩ ኮንፊጉን፣ ማለትም የተዋቀረበትን ትእዛዝ ሁሉ፣ አጥቶ ነበር። አዲስ የገዛሁትን ገመድ ሰካሁ፤ ቢጫ ሦስት ማዕዘን። ድራይቨር ላውርድ ብል ኢንተርኔት የለም። የጠፋውን ኢንተርኔት ላስተካክል አይደል የሄድኩት! በስልክ ዳታ ላውርድ ብል ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። ድራይቨሩን ለማውረድ ብቻ ከሰዓቱ አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእነዚህ ሁሉ ቺፖች ድራይቨር ፍላሽ ላይ አለ፣ ላፕቶፑም ላይ አለ።

የትኛውን ፕሮግራም ልጠቀም? ሴቲንጉስ?

ዊንዶውስ ላይ ፑቲ ይበቃል። ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ቴራ ተርምም ጥሩ ነው። ድሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው ሃይፐር ተርሚናል ከቪስታ ጀምሮ የለም፤ በአሮጌ መማሪያ ላይ ካያችሁት አትፈልጉት።

ፑቲ ላይ «ሲሪያል» የሚለውን ምረጡ፤ የኮም ቁጥሩን ጻፉ። ሴቲንጉ ይህ ነው፦ ፍጥነት 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፍሎው ኮንትሮል የለም። የመጨረሻውን እንዳትዘሉት። ፑቲ ከፋብሪካው «ኤክስኦን ኤክስኦፍ» ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው፤ ወደ «የለም» ቀይሩት።

9600 ለሲስኮ ካታሊስት፣ ለሁዋዌ፣ ለጁኒፐር፣ ለፎርቲጌት ይሠራል። ሚክሮቲክ ራውተርቦርድ ግን 115200 ነው። የሲስኮ ትንንሾቹ ኤስጂ300 ስዊቾችም 115200 ናቸው፤ የሲስኮ ስም ስላላቸው ብቻ 9600 ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። የድሮዎቹ ኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ፍጥነቱን ራሳቸው ያውቁታል፤ ኢንተርን ሁለት ጊዜ ስትጫኑ ይስማማሉ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ምን ልፈትሽ?

ኢንተር ተጫኑ። እውነቴን ነው። ኮንሶል እስክታናግሩት ድረስ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ጥቁሩን ስክሪን አይቶ ገመድ መንቀል ይጀምራል። ኢንተርን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫኑና ጥቂት ጠብቁ።

አሁንም ዝም ካለ ከመሳሪያው በኩል ጀምሩ። መብራቱ በርቷል? ገና እየተነሳ ከሆነ ታገሱ፤ አንዳንዱ ስዊች ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ቀጥሎ ቀዳዳውን እዩ። የቆዩ ራውተሮች ላይ ከኮንሶሉ አጠገብ «ኦክስ» የሚል ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ቅርጹ አንድ ነው፣ በእሱ የገባ ሰው መሳሪያው ሲነሳ የሚያወጣውን መልእክት አያይም። ሚኒ ዩኤስቢው ላይ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ገመድ እንዳለም ተመልከቱ።

ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ኑ። የኮም ቁጥሩ ትክክል ነው? ፑቲ ሌላ መስኮት ላይ ያንኑ ፖርት ይዞት ይሆን? አንድ የኮም ፖርት በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚይዘው። «ፖርቱን መክፈት አልቻልኩም» ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ጥፋቱ ከገመዱ ይሁን ከመሳሪያው መለየት አለባችሁ። ያንኑ ገመድ ሌላ ደህና መሳሪያ ላይ ሰኩት። እዚያ ከሠራ ገመዱ ደህና ነው። ሌላ መሳሪያ ከሌለ ደግሞ ጎበዝ ዘዴ አለ። ከአዳፕተሩ ዲቢ9 ላይ 2 እና 3 ቁጥር ፒኖችን በትንሽ ሽቦ አገናኙ። ፑቲ ላይ ስትተይቡ የተየባችሁት ፊደል ተመልሶ ከታያችሁ አዳፕተሩና ድራይቨሩ ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ዘዴ ያወቀ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ በግምት አይንከራተትም።

የማይነበብ ምልክት ይወጣል።

ፍጥነቱ አልገጠመም። 9600ን ወደ 115200 ቀይራችሁ ሞክሩ። ካልሆነ 19200፣ 38400 እና 57600ን ተራ በተራ ሞክሩ። ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ ይታያል፤ መተየብ ግን አልቻልኩም።

አብዛኛውን ጊዜ ፍሎው ኮንትሮል ነው፤ «የለም» አድርጉት። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ እንዳልቀረም እዩ። ለባልደረባችሁ በቴሌግራም «ደርሻለሁ» ብላችሁ ጽፋችሁ ወደ ፑቲ ስትመለሱ የግእዝ ፊደል ነው የምትልኩለት፤ መሳሪያው ደግሞ አያውቀውም።

ገባሁ። መጀመሪያ ምን ልጻፍ?

አዲስ የሲስኮ መሳሪያ ከሆነ «የመጀመሪያውን ማዋቀሪያ ውይይት መጀመር ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። «ኖ» በሉት። ጥያቄና መልሱ ረጅም ነው፤ ራሳችሁ በትእዛዝ ብታደርጉት ይሻላል።

ከዚያ የ> ምልክት ታያላችሁ። ይህ ማየት ብቻ የሚፈቅድ ደረጃ ነው። «ኢኔብል» ስትሉ ወደ # ይቀየራል። ምንም ከመንካታችሁ በፊት «ሾው ቨርዥን» በሉና ሞዴሉን፣ የሶፍትዌሩን ስሪት፣ መቼ እንደተነሳና ለምን እንደተነሳ አንብቡ። መብራት ጠፍቶ ተነስቶ ከሆነ እዚያው ይነግራችኋል። ቀጥሎ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» እና «ሾው ራኒንግ ኮንፊግ» በሉ፤ ኮንፊጉ በየገጹ ሳይቆም ሙሉ ይወርዳል። ፑቲ ላይ ሎግ ማስቀመጥ ከበራ የወረደው ሁሉ ፋይል ላይ ይቀራል። ይህን ሳላደርግ አንድም መስመር አልነካም። እናንተም እባካችሁ አትንኩ፤ ምን እንደነበረ ሳታውቁ ወደ ነበረበት መመለስ አትችሉም።

ሁዋዌ ላይ «ሾው» የለም፤ «ዲስፕሌይ» ነው። «ዲስፕሌይ ቨርዥን»፣ «ዲስፕሌይ ከረንት ኮንፊጉሬሽን»። ለማዋቀር «ሲስተም ቪው»፣ ለማስቀመጥ «ሴቭ»። በኛ ሀገር የሁዋዌ መሳሪያ ብዙ ስለሆነ ሁለቱንም ጎን ለጎን ብትለምዱ ይጠቅማችኋል።

ሲስኮ ላይ የሠራችሁትን በ«ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» አስቀምጡ። ሳታስቀምጡ መብራት ከጠፋ የሠራችሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሥራው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አንዱን ነገር ሠርታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ወዲያው አስቀምጡ።

አንድ ፊደል ስሳሳት መሳሪያው ለረጅም ጊዜ ይቆማል። ስተይብም መልእክት መሃል ይገባል።

የመጀመሪያው የሚሆነው የተሳሳታችሁትን ቃል የኮምፒውተር ስም መስሎት በዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ በሚቀይረው አገልግሎት) ሲፈልግ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ይተዋል። እንዳይደገም «ኖ አይፒ ዶሜይን ሉክአፕ» በሉ። ለሁለተኛው «ላይን ኮንሶል 0» ውስጥ ገብታችሁ «ሎጊንግ ሲንክሮነስ» ጻፉ። መልእክቱ መምጣቱን አይተውም፤ ግን የጀመራችሁትን መስመር ከታች ደግሞ ይጽፍላችኋል።

ፓስወርዱ ጠፍቷል። የሠራው ሰው መሥሪያ ቤቱን ለቋል።

ይህ በየሳምንቱ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መልካሙ ዜና፣ መሳሪያው የእናንተ ከሆነና አጠገቡ ከቆማችሁ መግባት ይቻላል። ኮንፊጉም አይጠፋም።

ሲስኮ ራውተር ላይ እንዲህ ነው። ኮንሶሉን ሰክታችሁ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። በመጀመሪያው 60 ሰከንድ ውስጥ «ብሬክ» የሚለውን ምልክት ላኩ። «ሮምሞን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ዋናው ሶፍትዌር ከመነሳቱ በፊት ያለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እዚያ «ኮንፍሬግ 0ኤክስ2142» ጻፉና «ሪሴት» በሉ። ይህ ቁጥር «የተቀመጠውን ኮንፊግ ሳታነብ ተነሳ» ማለት ነው። ራውተሩ እንደ አዲስ፣ ያለ ፓስወርድ ይነሳል። «ኢኔብል» ብላችሁ ግቡ፤ ከዚያ «ኮፒ ስታርትአፕ ኮንፊግ ራኒንግ ኮንፊግ» በሉ። አቅጣጫውን ልብ በሉ! ከገለበጣችሁት ባዶውን በሙሉው ላይ ትጽፉና የነበረው ሁሉ ይጠፋል። አሁን ኮንፊጉ ውስጥ፣ ፓስወርዱን አልፋችሁ ቆማችኋል። አዲስ ፓስወርድ ስጡ፣ ቁጥሩን በ«ኮንፊግ ሬጂስተር 0ኤክስ2102» ወደ ቦታው መልሱ፣ አስቀምጡ። ሰው ሁሉ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ ኮንፊጉ በዚህ መንገድ ሲመጣ ኢንተርፌሶቹ (የኔትወርክ ፖርቶቹ) ተዘግተው ነው የሚቀሩት። አንድ በአንድ «ኖ ሻትዳውን» በሏቸው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት «ብሬክ» ላይ ነው። የዛሬ ላፕቶፕ ቁልፉ የለውም። ፑቲ ላይ የመስኮቱን ርዕስ በቀኝ ክሊክ አድርጉ፤ «ስፔሻል ኮማንድ» ውስጥ «ብሬክ» አለ። አንዳንድ ርካሽ አዳፕተር ይህን ምልክት አያሳልፍም። ያኔ የፑቲን ፍጥነት 1200 አድርጉ፣ ራውተሩን አብሩና ስፔስ ባርን ለ10 እስከ 15 ሰከንድ ይዛችሁ ቆዩ። በዝግታ የሚሄደው ምልክት ለራውተሩ ብሬክ ይመስለዋል። ከዚያ ፍጥነቱን ወደ 9600 መልሱና እንደገና ተገናኙ።

ካታሊስት 2960ን በመሰሉ ስዊቾች ላይ ብሬክ አያስፈልግም። ፊት ለፊት ያለውን «ሞድ» ቁልፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ መብራቱን ሰኩ። ሲገባላችሁ «ፍላሽ ኢኒት» በሉ፣ «ኮንፊግ ነጥብ ቴክስት» የሚባለውን ፋይል በ«ሪኔም» ስሙን ቀይሩት፣ ከዚያ «ቡት» በሉ። ስዊቹ ፋይሉን ሲያጣ ባዶውን ይነሳል። ገብታችሁ ስሙን መልሱለት፣ ወደ ራኒንግ ኮንፊግ ኮፒ አድርጉት፣ ፓስወርዱን ቀይሩና አስቀምጡ።

«ኖ ሰርቪስ ፓስወርድ ሪከቨሪ» የሚል መስመር የተጻፈበት መሳሪያ ላይ ግን ይህ በር ዝግ ነው። ኮንፊጉን ሳታጠፉ መግባት አትችሉም።

ታዲያ ማንም ገመድ የያዘ ሰው ሊገባ ነው?

አዎ፣ ሰርቨር ሩሙ ክፍት ከሆነ። የራኩ ቁልፍ ከፓስወርዱ እኩል ዋጋ አለው።

ቢያንስ «ላይን ኮንሶል 0» ላይ «ሎጊን ሎካል» አድርጉና በስም ይገባ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትጨርሱ «ኤግዚት» በሉ። ሲስኮ ኮንሶል ገመዱ መነቀሉን አያውቅም። # ላይ እያላችሁ ገመዱን ነቅላችሁ ብትሄዱ ቀጥሎ የሚሰካ ሰው እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ላይ፣ ያለ ምንም ፓስወርድ ይገባል። የሚያድናችሁ የ10 ደቂቃ ጊዜ ገደቡ ብቻ ነው። እሱንም «ኤግዜክ ታይምአውት 0 0» ብለው የሚያጠፉ አሉ። ቤት ውስጥ በምትማሩበት መሳሪያ ላይ ይሁን፤ ሥራ ላይ ባለ መሳሪያ ላይ ግን በፍጹም አታድርጉት።

ሊነክስና ማክ ላይ እንዴት ነው?

ይቀላል። ድራይቨሩ ብዙ ጊዜ አብሮ አለ። ሊነክስ ላይ ገመዱ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» ተብሎ ይመጣል፤ «ስክሪን» በሚለው ትእዛዝ የመሳሪያውን ስምና 9600ን አስከትላችሁ ትገባላችሁ። ኡቡንቱ «ፈቃድ የለህም» ካላችሁ ራሳችሁን «ዳያልአውት» በሚባለው ግሩፕ ውስጥ ጨምሩና ወጥታችሁ ግቡ። ማክ ላይም ያው «ስክሪን» ነው። ለመውጣት ኮንትሮልና ኤ፣ ቀጥሎ ኬ።

በስልክ ይሆናል?

በአንድሮይድ ይሆናል። ዩኤስቢን ስልክ ላይ የሚያሰካ የኦቲጂ መቀየሪያ፣ የዩኤስቢ ኮንሶል ገመድና የሲሪያል ተርሚናል አፕ ይበቃል። ረጅም ኮንፊግ ለመጻፍ አይመችም። ላፕቶፑ ባትሪ ሲጨርስ ግን አንድ ኢንተርፌስ ለማንሳት በቂ ነው።

የሶፍትዌር ፋይል በኮንሶል መላክ እችላለሁ?

ኤክስሞደም በሚባለው፣ ፋይልን በሲሪያል ገመድ በሚልከው ዘዴ ይቻላል፤ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። በ9600 ፍጥነት በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ብቻ ነው። 15 ሜጋባይት ፋይል ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፍጥነቱን ወደ 115200 ብታሳድጉት ወደ 22 ደቂቃ ይወርዳል። በኔትወርክ ቲኤፍቲፒ በሚባለው ፋይል መላኪያ ወይም በፍላሽ ማስገባት ከተቻለ በዚያ አስገቡት።

ኮንሶል ቀዳዳ የሌለው መሳሪያስ?

ብዙ ትንንሽ ሚክሮቲኮች የላቸውም። ዊንቦክስ የሚባለው ፕሮግራማቸው አይፒ ባይኖርም በማክ አድራሻ፣ ማለትም መሳሪያው ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ፣ ያስገባል፤ በተራ የኔትወርክ ገመድ። መሳሪያው መነሳት እስከቻለ ድረስ ኮንሶልን ይተካል።

ሩቅ ያለ ቅርንጫፍ አለን። ሁልጊዜ መሄድ ግዴታ ነው?

አቅም ካለ ኮንሶል ሰርቨር አስገቡ። የብዙ መሳሪያዎችን ኮንሶል ሰብስቦ በሌላ መስመር፣ ለምሳሌ በሞባይል ሲም፣ ከሩቅ ያስገባችኋል። መስመሩ ከዋናው ኔትወርክ የተለየ መሆኑን አረጋግጡ፤ በዚያው ራውተር የሚያልፍ ከሆነ አብሮ ይወድቃል።

አቅም ከሌለ ሲስኮ ላይ ከሩቅ አደገኛ ነገር ከመቀየራችሁ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» በሉ። ራሳችሁን ከውጭ ከቆለፋችሁ መሳሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ በተቀመጠው ኮንፊግ ይነሳል። ነገሩ ከተሳካ በ«ሪሎድ ካንስል» ሰርዙትና ያኔ አስቀምጡ። መሥራቱን ሳትፈትኑ ግን አታስቀምጡ።

ቦርሳዬ ውስጥ ምን ይኑር?

የተፈተሸ የዩኤስቢ ኮንሶል ገመድ፤ ቢቻል ሁለት፣ ቺፓቸው የተለያየ። ሚኒ ዩኤስቢ ገመድ አንድ። ፍላሽ ላይ ፑቲ፣ ድራይቨሮቹ፣ የየመሳሪያው የመጨረሻ ኮንፊግ። ፒን ለማገናኘት ትንሽ ሽቦ። የእጅ ባትሪ። ከመንገድ በፊት ማታ ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ስዊች ላይ ገመዱን ሰክታችሁ ኢንተር ተጫኑ። የ> ምልክት ከመጣች ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።